የሰጠነው ደም የት ደረሰ? ከሐዋሳ ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ፣ ከውጭ አገር ተቋማት ጋር የስቴም ሴልና የመቅኔ ምርምር ስምምነት ለምትፈርሙ የጤና፣ የሳይንስና የከፍተኛ ትምህርት ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። የምንጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። የደም ካንሰርና የመቅኔ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ነን። ብዙ አይደለንም፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ ነን። ከሐዋሳ፣ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶና ከሻሸመኔ ሕክምና ስንመላለስ ወረፋ ላይ ተዋውቀን ነው የተሰባሰብነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት ቡና ይፈላል፣ መድኃኒት የት እንደተገኘ እንነጋገራለን፣ እጅ ላጠረው እናዋጣለን። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሉ ግን የሁላችንም ነው። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የ12 ዓመቷ ልጄ አፕላስቲክ አኒሚያ ይዟታል። መቅኔዋ ደም መሥራት አቁሟል ማለት ነው።

ባለፈው ወር አንድ ዜና ሰማን። ከአንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር አዲስ የስቴም ሴል፣ ማለት ሌሎች ሴሎችን የሚወልድ መነሻ ሴል፣ ምርምር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ተባለ። የፊርማውን ፎቶ በቴሌግራም ተቀባበልነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ሊለን ይገባ ነበር፣ እንደኛ እንዲህ ዓይነት ዜና የሚጠብቅ ሰው የለምና። ግን ከሦስት ዓመት በፊት ከኛና ከልጆቻችን ስለተወሰደው ደም እስከ ዛሬ አንድ ቃል ሳይነገረን ነው ሌላ ፊርማ የመጣው። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ የምርምር ቡድን ሐዋሳ መጣ። ከአገር ውስጥም ከውጭም ሰዎች ነበሩበት። የመቅኔ ሕመም ያለባቸው ልጆችና ቤተሰቦቻቸው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በአንድ ዕድር አዳራሽ እንድንገኝ ተነገረን። ሄድን። ጉንጫችን ውስጥ ጫፉ ጥጥ የሆነ ቀጭን እንጨት አሽከረከሩ። ከክንዳችን ደም ቀዱ፣ ሐምራዊ ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ፣ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት። ብልቃጦቹን በቁጥር ለጥፈው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ደረደሯቸው። ከዚያ በፊት ግን ቅጽ ፈርመናል። ቅጹ ዘጠኝ ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ ነው። አንዲት ነርስ ቆማ በአማርኛ አስረዳችን፣ ምናልባት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሲዳምኛ ብቻ ለሚሰሙት ደግሞ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው በሹክሹክታ አስተረጎመላቸው።

ከበንሳ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ላይ ካሳረፉ በኋላ ወደኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ይሄ ደም ወዴት ነው የሚሄደው? መልሱስ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። መምህር መሆኔን ስለሚያውቁ ነው እኔን የጠየቁት። «እማማ፣ ውጭ አገር ይመረመራል፣ ውጤቱን ይነግሩናል» አልኳቸው። የተነገረኝን ነው የነገርኳቸው። የልጅ ልጃቸው በዓመቱ አረፈ። እሳቸው አሁንም ሐዋሳ ሲመጡ ይደውሉልኛል። ስለ ደሙ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ ግን ስልኬ ላይ ስማቸውን ባየሁ ቁጥር የነገርኳቸው ነገር ትዝ ይለኛል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን እንግዲህ ይሄ ነው። ውጤቱ ውሃ በላው። የደወልንበት ስልክ አይነሳም። በቅጹ ላይ ወዳለው አድራሻ ሦስት ጊዜ ኢሜይል ጻፍን። እዚህ ያሉት «እኛ ሰብስበን አስረከብን እንጂ ውጤቱ በኛ እጅ የለም» አሉን። አዲስ አበባ ድረስ 275 ኪሎ ሜትር ሄደን ደጅ ጠናን፣ «ፕሮጀክቱ ተዘግቷል» ተባልን። ቡድኑ የውሃ ሽታ ሆነ። የናሙናችን ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አሁንም መታወቂያዬ ውስጥ አለ።

ይህ ውጤት ለኛ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ኃላፊዎች «ምርምር እንጂ ሕክምና አይደለም» ብለው መልሰውናል። ልጄ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል። ከጤነኛ ሰው መቅኔ ውስጥ ደም የሚወልዱት ስቴም ሴሎች ይወሰዳሉ፣ እንደ ደም በከረጢት ተሰቅለው በደም ሥሯ ይገባሉ፣ ራሳቸው መንገዱን አውቀው አጥንቷ ውስጥ ይሰፍራሉ። ነገር ግን የሰጪውና የተቀባይዋ የሕብረ ሕዋስ ዓይነት መግጠም አለበት። ሐኪሞች ኤች.ኤል.ኤ. የሚሉት ይሄን ነው። ግማሹ ከእናት፣ ግማሹ ከአባት ስለሚወረስ አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ልጄ ሁለት ወንድሞች አሏት። እነሱንም ያን ቀን በዚያው ሰልፍ አሰልፈናቸዋል። የአዳራሹ ምርመራ የልጆቻችንንና የኛን የሕብረ ሕዋስ ዓይነት ይለያል ነበር የተባልነው። ማለት «ወንድሟ ይገጥማታል ወይስ አይገጥማትም?» የሚለው ጥያቄያችን መልስ በሰው አገር ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ደግሞ ያንኑ ምርመራ በገንዘባችን እንደገና ለማሠራት ሁለት ዓመት ብር ስናጠራቅም ኖርን። በመጨረሻ አሠራነው። ሁለቱም አልገጠሙም። ቢያንስ ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ብናውቅ ሌላ መንገድ መፈለግ እንጀምር ነበር። ለአፕላስቲክ አኒሚያ ሁለት ዓመት ብዙ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ፕሌትሌት፣ ማለት ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ሴል፣ አለው። የልጄ 9 ሺህ የወረደበት ሌሊት ነበር፣ የአፍንጫዋ ደም አልቆም ብሎ በባጃጅ ይዘናት ስንሮጥ የእናቷ ነጠላ በሙሉ ቀይ ሆኖ ነበር።

ወንድም ካልገጠመ ወደ ዓለም መዝገብ ነው የሚኬደው። ሆላንድ ውስጥ ላይደን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1988 ፕሮፌሰር ዮን ቫን ሩድ የየአገሩን የለጋሾች መዝገብ አንድ ላይ ማሰባሰብ ጀመሩ። ዛሬ በዓለም አቀፉ የመረጃ ቋት ከ40 ሚሊዮን በላይ በጎ ፈቃደኞች ተመዝግበዋል። አንድ ጀርመናዊ የሰጠው ሴል በማቀዝቀዣ ሳጥን፣ በሰው እጅ ተይዞ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሌላ አህጉር ላለ ታማሚ ይደርሳል። ከአገር አገር ትብብር ማለት ለኔ ይሄ ነው። ችግሩ በመዝገቡ ውስጥ የኛን የሚመስል ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ ለነጭ ታማሚ 79 በመቶ ሲሆን ለጥቁር ታማሚ 29 በመቶ ነው። ያውም አሜሪካ ውስጥ። የአፍሪካ ሕዝብ የዘር ስብጥሩ ከሌላው ዓለም ሁሉ የሰፋ ነው፣ ስለዚህ የሲዳማ ልጅ፣ የወላይታ ልጅ፣ የጉራጌ ልጅ የሚገጥመውን ሰው የማግኘት ዕድሉ የሚጨምረው የኛው ሰዎች ሲመዘገቡ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ መዝገብ አላት። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፍታለች። ከኛ የተወሰደው ናሙና ለእንዲህ ዓይነት መዝገብ መነሻ ሊሆን ይችል ነበር። ማን ጠየቀልን?

ሰው እንዳይሳሳትብን፣ ትብብርን አንቃወምም። ይህ ሳይንስ አንድ አገር ብቻውን የሠራው አይደለም። ስቴም ሴል መኖሩን በሙከራ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1961 ቶሮንቶ ውስጥ ቲልና ማካለክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ናቸው። የሰው ፅንስ ስቴም ሴል በላብራቶሪ ያሳደገው በ1998 የዊስኮንሲኑ ጄምስ ቶምሰን ነው። በ2006 ደግሞ ኪዮቶ ውስጥ ሺንያ ያማናካ የአይጥ የቆዳ ሴል ወደ ስቴም ሴልነት መልሶ አሳየ፣ በዓመቱ በሰው ሴል ደገመው፣ በ2012 ከእንግሊዛዊው ጆን ጉርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ጉርደን ደግሞ ለዚያ መሠረት የሆነውን የእንቁራሪት ሙከራ ያወጣው ያማናካ በተወለደበት በ1962 ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ዓይናቸው ይበራል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ልጆቼና ተማሪዎቼ ደም ሰጪ ብቻ ሆነው እንዲቀሩ ግን አልፈልግም።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ሥልጠና ነው። በዚያ ፕሮጀክት ከሐዋሳ የሠለጠነ ሰው አናውቅም። ናሙናውን የቀዱት የላብራቶሪ ባለሙያዎች ራሳቸው «እኛም የምናውቀው መቅዳቱን ነው» ብለውናል። አበል ተከፈላቸው፣ አለቀ። ሌላ ቦታ እንዲህ አይደለም። የባንግላዴሹ ዳካ ሜዲካል ኮሌጅ ሆስፒታል ከቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ጋር ሲተባበር ከነርሶች ሥልጠና ነው የተጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባንግላዴሽ ከታማሚው ከራሱ በተወሰደ ሴል የመጀመሪያውን ንቅለ ተከላ ሠራች። ለምን ነርስ? ምክንያቱም ከንቅለ ተከላ በኋላ ባሉት ሳምንታት ልጁ ምንም የመከላከል አቅም የለውም፣ ሕይወቱ ያለው ሌሊት ሙቀቱን በምትለካውና እጇን በምትታጠበው ነርስ ላይ ነው። ታንዛኒያም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከውጭ ሐኪሞች ጋር ተባብራ ጀምራለች። ናይጄሪያ ቤኒን ሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ለማጭድ ሴል፣ ማለት ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ የሚጎብጥበት የሚወረስ ሕመም፣ ታማሚ ሠርታለች። እነዚህም ሀብታም አገሮች አይደሉም። ለኛ ግን ያከሙን ሐኪሞች «እዚህ አይሠራም፣ ወደ ህንድ ሂዱ» ብለው ነው የሸኙን። ከአሥራ አንዱ ቤተሰብ ህንድ መሄድ የቻለው አንድ ነው፣ እሱም ቤቱን ሸጦ።

በአገራችንም ቢሆን ጥሩ ምሳሌ አለ። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1970 ሲቋቋም የኖርዌይና የስዊድን ድጋፍ ነበረበት። ለሥጋ ደዌ ምርምር የተከፈተው ያ ቤት ሕንፃውም ሳይንቲስቱም እዚሁ ቀረ። ትብብር ሲባል እኛ የምናስበው እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ ውል ላይ ያልተጻፈ አይመጣም። የጤፋችንን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈረመ፣ አገራችን ከጥቅሙ ትካፈላለች ተብሎ። በኋላ ኩባንያው ከሰረ፣ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የባለቤትነት መብት ግን በውጭ ሰው እጅ ቀረ። የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት። በእህል የደረሰብንን በልጆቻችን ሴል ልንደግመው አይገባም። ከደም የተወሰደ ሴል ዛሬ በላብራቶሪ ወደ ስቴም ሴልነት ይመለሳል፣ ለዓመታት እየተባዛ ይኖራል፣ መድኃኒት ይሞከርበታል፣ ይሸጣል። የልጄ ሴል አንድ ቦታ በሕይወት ሊኖር ይችላል። ይህ እንደሚቻል የነገረን ሰው አልነበረም። ለናሙናው መውጣት የዝውውር ስምምነት እንደሚያስፈልግ የአገሪቱ የምርምር ሥነ ምግባር መመሪያ ይጠይቃል። ስምምነቱ ካለ እንየው። ከሌለም የለም በሉን።

ደግሞ አንድ ነገር ላይ ብርታት ይኑራችሁ። ውጭ ያሉት ተመራማሪዎች እኛን ይፈልጉናል። በዓለም ላብራቶሪዎች ያሉት ሴሎች አብዛኞቹ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተወሰዱ ናቸው፣ ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው እስከ ዕድር አዳራሻችን የመጡት። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ስትቀመጡ የምትለምኑ ሰዎች አይደላችሁም። የምትሰጡት ነገር አለ። የምትሰጡት ደግሞ የኛን ነው።

አራተኛውን በአጭሩ። እናንተ ዝም ስትሉ ደላላ ይናገራል። በቴሌግራምና በቲክቶክ «በስቴም ሴል መርፌ እናድናለን፣ ውጭ አገር እናገናኛለን» የሚሉ ሞልተዋል። ከሻሸመኔ የሆነ አንድ የሚያውቀን አባት፣ ልጁ ከውልደት ጀምሮ የአንጎል ጉዳት አለበት፣ ከብቶቹን ሸጦ ከዘመድ ተበድሮ ውጭ ወስዶት ሦስት መርፌ አስወጋው። ልጁ ምንም ለውጥ የለውም። ዕዳው አለ። በስቴም ሴል መዳን በደንብ የተረጋገጠው በዋናነት ለደምና ለመከላከል አቅም ሕመሞች ነው፣ ከዚያ ውጭ ለቆዳ ቃጠሎና ለአንዳንድ የዓይን ጉዳት የሚሠሩ ጥቂት ሕክምናዎች አሉ። ሌላው ገና በሙከራ ላይ ነው። ይህችን አንዲት አንቀጽ በአማርኛ፣ በሲዳምኛና በኦሮምኛ አውጥቶ በሬዲዮ ማስነገር ስንት ብር ይፈጃል?

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት በ2015 ዓ.ም. ከሐዋሳ የተወሰደው ናሙና የት እንዳለ፣ ምን እንደተሠራበት፣ ሴል ተባዝቶበት እንደሆነ በጽሑፍ ንገሩን። የሕብረ ሕዋስ ምርመራው ውጤት ለየቤተሰቡ ይመለስ። በየቤታችን የናሙና ቁጥሩ አለ፣ እናመጣለን። በሕይወት ለሌሉት ልጆችም ቢሆን ይመለስ፣ ወንድምና እህት አሏቸውና።

በባለፈው ወር የተፈረመው ሰነድ ይፋ ይሁን። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስንት ነርስ፣ ስንት የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ስንት ሐኪም፣ ከየትኛው ከተማ እንደሚሠለጥን በቁጥር ይጻፍበት። «የአቅም ግንባታ ይደረጋል» የሚለው ቃል ብቻውን ነርስ አይሆንም። የሕብረ ሕዋስ ምርመራ ራሱ አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በክልልም የሚሠራበት ቀን ይቀመጥለት።

የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ ይጀመር፣ ከዓለም አቀፉ መዝገብ ጋርም ይገናኝ። በአንድ ሺህ ሰው ቢጀመር እንኳን እንቀበላለን። ሐዋሳ ውስጥ ደም ለመስጠት ሰልፍ የሚይዝ ወጣት አለ፣ ጉንጩን በጥጥ ለማስነካት ወደኋላ አይልም። ትምህርት ቤቴን እኔ አስተባብራለሁ። እስከዚያው ደግሞ የግማሽ ግጥምጥሞሽ ንቅለ ተከላ፣ ማለት እናት ወይም አባት ለልጁ የሚሰጥበት፣ በስምምነቱ ውስጥ ቀዳሚ ቦታ ይሰጠው። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ የዳበረው ዘዴ ከንቅለ ተከላው በኋላ የሚጠቀመው ሳይክሎፎስፋማይድን ነው፣ አዲስ መድኃኒት አይደለም፣ ለካንሰር ሕክምና ከታወቀ ቆይቷል። እኔና እናቷ ዛሬ ተጠርተን ዛሬ እንተኛለን።

የፈቃድ ቅጽ ሰው በሚሰማው ቋንቋ ይዘጋጅ። ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ይነበብለት፣ አንድ ቅጂም ይያዝ። ቅጹን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ውስጥ ደግሞ ከታማሚ ቤተሰቦች አንድ ሰው ይቀመጥ። ሰው ከጠፋ እኛ እንልካለን።

መልሳችሁን በሰላሳ ቀን ውስጥ እንጠብቃለን። ስብሰባ ከጠራችሁን አሥራ አንዳችንም እንመጣለን፣ ከበንሳ የመጡትን እናትም ይዘን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመቅኔና የደም ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ስብስብ ጸሐፊ፣
የባዮሎጂ መምህር፣
ሐዋሳ